የሚሸተው አበባና የሚያቃጥለው ሥር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በዕፅዋት ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ላስታ ታሪክና ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሚገባ አስረድተዋል። እኛ የምንናገርበት ጉዳይ ግን እንደዚያ ያለ ክብር የለውም። የምንናገረው ሲያብብ እንደ ሞተ አይጥ ስለሚሸት አንድ አበባ፣ ቢቀምሱት አፍን ስለሚያቃጥል አንድ ሥር፣ እነዚህንም በቤታችን ስናሳድግ ስለ ደረሰብን ነገር ነው። ጉዳዩ የሚያስቅ ሊመስል ይችላል፤ እኛም በመጀመሪያ ስቀን ነበር። በመጨረሻ ግን ሁለት ነገር አስተማረን። ይኸውም አንድን ተክል ሳያውቁ መናቅ ጥፋት እንደ ሆነ፣ ሳያውቁ መንካትም እንደዚሁ ጥፋት እንደ ሆነ ነው። በንግግራችን መጨረሻ ላይ ከእናንተ የምንለምነው አንድ ነገር ስላለ እስከዚያ ድረስ በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንጠይቃለን።

ተክሉ ምንድን ነው?

እንግሊዞች ይህን አበባ «ቩዱ ሊሊ» ይሉታል። ቩዱ በምዕራብ አፍሪካ፣ በቤኒንና በአካባቢዋ ያለ የእምነት ሥርዓት ስም ሲሆን፣ በባሪያ ንግድ ዘመን ከተወሰዱት ሰዎች ጋር ባሕር ተሻግሮ እስከ ሀይቲ ደርሷል። ስሙ ለአበባው የተሰጠው መልኩና ሽታው እንግዳ ስለ ሆነ ነው እንጂ ተክሉ ከአስማት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የሳይንስ ስሙ ሳውሮማቱም ቬኖሱም ነው። «ሳውሮስ» በግሪክ ቋንቋ እንሽላሊት ማለት ነው፤ የአበባው ሽፋን እንደ እንሽላሊት ቆዳ ዝንጉርጉር ስለ ሆነ ይህ ስም ወጣለት። በሳይንስ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1789 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ነው። ነገር ግን የተፈጥሮ አገሩ እንግሊዝ አይደለም። ከሂማላያ ተራሮች አንሥቶ በዓረብ አገር አልፎ እስከ አፍሪካ ድረስ በዱር ይበቅላል፤ ከነዚህም አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ስለዚህ እኛ «የፈረንጅ አበባ» ብለን የተቀበልነው ተክል የገዛ አገራችን ልጅ ሆኖ ተገኘ።

ይህ አበባ ከ3,000 በላይ ዓይነቶች ያሉት የአንድ ታላቅ ቤተሰብ አባል ነው። የቤተሰቡ ምልክት በቀላሉ ይታወቃል። መካከል ላይ አንድ ዘንግ ይቆማል፤ በዘንጉ ግርጌ በጣም ጥቃቅን የሆኑ አያሌ አበቦች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ይህን ሁሉ አንድ ቅጠል እንደ ነጠላ ዙሪያውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ እኛ አንድ አበባ የምንለው ነገር በእውነቱ የብዙ አበቦች ማኅበር ነው።

ከዚህ ቤተሰብ መካከል ሁላችሁም የምታውቁት ጎደሬ ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለው ሕዝብ ሥሩን ቀቅሎ ይመገበዋል። ሁለተኛው በደጋችን ጥላ ባለበትና እርጥበት በማይጠፋበት ስፍራ የሚበቅለው አሞጭ ነው። የሳይንስ ስሙ አሪሴማ ሺምፔሪያኑም ይባላል፤ ይህም በ1837 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 እ.ኤ.አ. በዐድዋ የሞተውን ጀርመናዊ ዊልሄልም ሺምፐርን ለማስታወስ የተሰጠ ስም ነው። ሦስተኛው አሞርፎፋለስ የሚባለው ወገን ሲሆን፣ በኮንሶ ባጋና ብለው ይጠሩታል። የዚሁ ወገን የሆነው ትልቁ አበባ በሱማትራ ደሴት ይገኛል፤ ቁመቱም እስከ 3 ሜትር ይደርሳል። እርሱን በ1878 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ሳይንስ ያስታወቀው ኢጣሊያዊው ኦዶአርዶ ቤካሪ ነበር፤ ይህ ሰው ከዚያ ቀደም ብሎ በ1870 እ.ኤ.አ. በከረን አካባቢ በቦጎስ ምድር ዕፅዋት ሰብስቦ እንደ ነበረ ስናነብ በጣም ተደነቅን።

ስለ ስም ከተነሣ አንድ ነገር እንጨምር። ለሠርግና ለቀብር የሚሸጠው፣ ነጭ ሆኖ እንደ ጥሩምባ የተጠቀለለው ካላ ሊሊ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የሳይንስ ስሙ ዛንቴዴስኪያ ኤቲዮፒካ ስለ ሆነ አንዳንዶቻችን «የእኛ አበባ ነው» ብለን ኮርተን ነበር። ሆኖም የጥንት የአውሮፓ ጸሐፊዎች «ኤቲዮፒያ» የሚለውን ቃል ለሌላውም የአፍሪካ ክፍል ይጠቀሙበት ስለ ነበረ ነው እንጂ የተክሉ አገር ደቡብ አፍሪካ ነው። እንግዲህ ስሙ የእኛ የሆነው አበባ የሌላ አገር ነው፤ ስሙ የሌላ የሆነው አበባ ግን የእኛ ነው። ስምን ብቻ አይቶ መፍረድ እንደማይገባ ከዚህ ተማርን።

የመጀመሪያው አበባ

አሁን ወደ ታሪካችን እንመለስ። ከሌላ አውራጃ ተዛውረው የመጡ የባዮሎጂ መምህራችን ሦስት የተክል ሥሮች በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልን። የሥሩ ቅርጽ ከድንችና ከሽንኩርት ራስ መካከል ያለ ስለ ሆነ እኛም «ራስ» ብለን ጠራነው። መምህራችን «አፈርና ውሃ ሳትሰጡት በደረቅ ስፍራ አስቀምጡትና ተመልከቱ» አሉን። ሦስታችን አንዳንድ ወስደን ወደየቤታችን ሄድን።

ከእኛ አንዱ የደረሰውን ራስ በቤታቸው መደርደሪያ ላይ፣ በበርበሬ ዕቃው አጠገብ አስቀመጠው። በሚያዝያ ወር ከራሱ ላይ እንደ ጦር የሾለ ነገር ብቅ አለ። አፈርም ውሃም ሳይቀምስ በየቀኑ ይረዝም ነበር። እናቱ «ይህ ምን ዓይነት ሽንኩርት ነው?» እያሉ ይስቁ ነበር። አንድ ቀን በማለዳ ተከፈተ። የሽፋኑ ርዝመት ወደ አንድ ክንድ ይጠጋል፤ ውስጡ ቢጫ ሲሆን በጥቁር ሐምራዊ ነጠብጣብ ተዥጐርጕሯል፤ ከመካከሉም እንደ ጅራፍ የቀጠነ ጥቁር ዘንግ ወጥቷል።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ሽታው መጣ። እናቱ ከእህል ጆንያው በስተጀርባ አይጥ የሞተ መስሏቸው ጆንያውን ሁሉ አስነሥተው ቤቱን ጠረጉ፤ ምንም አላገኙም። ለቡና የተጠሩት ጎረቤቶች መጥተው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ። ዕጣን ቢጨስም ሽታው አልለቀቀም። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤት አበባውን አዩና «ልጄ፣ ይህ ነገር ለቤታችሁ መልካም አይደለም፤ አውጡልን» አሉ። አባቱም «አሁኑኑ አውጥተህ ጣለው» ብለው አዘዙ። ልጁ ግን መጣሉ አሳዝኖት በፍየሎቹ ጋጣ አጠገብ ካለው ግንብ ላይ አስቀመጠው።

በሁለተኛው ቀን ማታ አባቱ ፍየሎቹን ሲያስገቡ በአበባው አጠገብ አለፉ፤ ቆም ብለውም አሸተቱት። ከዚያ ልጁን ጠርተው «ሽታው የት ሄደ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ መልስ አልነበረውም፤ በማግሥቱም ጥያቄውን ወደ ክበባችን አመጣው። የክበባችን እውነተኛ ሥራ የተጀመረው በዚህ በአባት ጥያቄ ነው።

ሽታው ለምንድን ነው?

ከመምህራችን ጋር መጻሕፍት መርምረን ያገኘነው መልስ ይህ ነው። ይህ አበባ እንደ ጽጌረዳ ንቦችን አይጠራም፤ የሚጠራው በበሰበሰ ሥጋና በፋንድያ ላይ የሚያርፉትን ዝንቦችና ጢንዚዛዎች ነው። ለዚህም የእነርሱን ምግብ ሽታ አስመስሎ ያወጣል። ሽታው ሩቅ እንዲደርስም ዘንጉ እንደ ምድጃ ይሞቃል። በውስጡ ያከማቸውን ስታርች በአንድ ጊዜ በማቃጠል ሙቀቱ በዙሪያው ካለው አየር እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሊበልጥ ይችላል። ሙቀቱ ሽታውን ያተንነዋል። በመጀመሪያው ቀን እንስት አበቦች ለመቀበል ይዘጋጃሉ፤ ቀጥሎ ወንዶቹ አበቦች ዱቄታቸውን ይለቃሉ። ዝንቡ ምግብ ያገኘ መስሎት ገብቶ ዱቄቱን ተሸክሞ ይወጣና ወደ ሌላው አበባ ያደርሰዋል። ሥራው ሲፈጸም ሙቀቱም ሽታውም ያበቃል። ለአባት ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ሽታው የሄደው ሥራው ስላለቀ ነው።

ይህን ሙቀት የሚያስነሣው ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሳይንቲስቶች ብዙ ደክመዋል። በ1937 እ.ኤ.አ. ቫን ሄርክ የተባለ የሆላንድ ሊቅ በአበባው ውስጥ ሙቀት የሚያስነሣ አንድ መልእክተኛ ንጥረ ነገር መኖር አለበት ብሎ ተናገረ። ያ ንጥረ ነገር ተለይቶ የታወቀው ከ50 ዓመት በኋላ በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ነው፤ እርሱም ሳሊሲሊክ አሲድ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሁላችንም ራሳችንን ሲያመን የምንውጠው የአስፒሪን የቅርብ ዘመድ ነው። በመደርደሪያችን ላይ ቆሞ ያሳቀን አበባ የሊቃውንትን የ50 ዓመት ጥያቄ ይዞ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ራስ በሌላው ጓደኛችን ቤት ባበበ ጊዜ እኛም ቴርሞሜትር ከላቦራቶሪ ተውሰን፣ አፍንጫችንን በመሐረብ አስረን በዘንጉ ላይ አስጠጋነው። ሜርኩሪው ከክፍሉ አየር በላይ ሲወጣ በዓይናችን አየን። በጣታችንም ስንነካው ለብ ብሎ ነበር። በመጽሐፍ ያነበቡትን ነገር በገዛ እጅ ነክቶ ማረጋገጥ ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኝ ያልሞከረው አያውቀውም።

በላስታ እንዴት ይበቅላል?

ይህን ተክል ለማሳደግ ለሚፈልግ ሰው የሞከርነውን በአጭሩ እንገልጻለን። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዝናባችን በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፤ ከዚያ በኋላ ረጅም በጋ ይከተላል። ይህ የአየር ጠባይ ለብዙ አበባ አስቸጋሪ ነው፤ ለዚህ ተክል ግን የተስማማ ነው፤ እርሱ በክረምት ነቅቶ በበጋ ይተኛልና።

1ኛ/ ራሱ ካበበ በኋላ፣ ወይም ገና ትንሽ ሆኖ ባያብብም፣ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ ድረስ በአፈር ይተከላል። ጥልቀቱ አንድ መዳፍ ያህል ቢሆን ይበቃል። ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ወይም አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ይሆናል፤ ነገር ግን ከሥሩ ቀዳዳ ሊኖረው ግድ ነው። ውሃ ከተኛበት ራሱ ይበሰብሳል። ከመጀመሪያዎቹ ራሶች አንዱ የጠፋብን በዚህ ምክንያት ነው።

2ኛ/ አፈሩን ከበሰበሰ ፍግና ከአሸዋ ጋር እኩል እናቀላቅላለን። አሸዋ ባጣን ጊዜ በአካባቢያችን ከሚገኘው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከቤት ሥራ የተረፈውን ስብርባሪ አድቅቀን ተጠቅመናል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ አንዲት ጠጠር እንኳ ማንሣት ፈጽሞ አይገባም።

3ኛ/ ከአበባው በኋላ አንድ ቅጠል ብቻ ይወጣል። ያ አንድ ቅጠል እንደ ተዘረጋ የእጅ ጣት ተከፋፍሎ ይሰፋል፤ እግሩም ዝንጉርጉር ነው። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበትና የቀትር ፀሐይ የማይመታው ስፍራ ይስማማዋል። ቅጠሉ አረንጓዴ እስከ ሆነ ድረስ አፈሩ እንዳይደርቅ ያስፈልጋል፤ የሚቀጥለው ዓመት አበባ ምግብ የሚከማቸው በዚህ ጊዜ ነውና።

4ኛ/ በጥቅምትና በኅዳር ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ «ሞተ» ብለው ይጥሉታል፤ ሆኖም ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም። ውሃ ማጠጣት ማቆም፣ ራሱንም አውጥቶ በደረቅና ብርድ በማይበረታበት ስፍራ ማስቀመጥ ይገባል። ከፍ ባሉት ቀበሌዎች፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አቅጣጫ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል፤ ራሱ በቤት ውስጥ ከሆነ ግን ውርጩ አይነካውም።

5ኛ/ ራሱን ስታወጡ በዙሪያው ትናንሽ ልጆች ተጣብቀው ታገኛላችሁ። እነርሱን ለይቶ በመትከል ተክሉን ያለ ወጪ ማብዛት ይቻላል። ትንሹ ራስ አበባ እስኪሰጥ ጥቂት ዓመታት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ትዕግሥት ለሌለው ሰው ይህ ተክል አይሆነውም።

6ኛ/ አበባው ሊከፈት ሲቃረብ ከቤት አውጥቶ በደጅ ማስቀመጥ ይገባል። ይህን ምክር የምንሰጠው ከልብ ነው፤ ምክንያቱን ቀደም ብለን ነግረናችኋል።

ጥፋታችን

እስከ አሁን የተናገርነው የሚያስደስተውን ነው። አሁን ደግሞ የሚያሳፍረንን እንናገራለን፤ ጥፋቱን ሸሽገን ፍሬውን ብቻ ብናሳይ እውነተኛ ተማሪዎች አንባልምና።

በቩዱ ሊሊው ካገኘነው ደስታ የተነሣ ዘመዶቹንም ለማሳደግ ተመኘን። ከእኛ አንዱ ከመንደራቸው በታች ካለው ጅረት ዳር አሞጭ አግኝቶ ከነሥሩ ነቀለና አመጣ። ለማንም ሳይናገር፣ ስለ ተክሉም ሳያነብ፣ በጣሳ ተክሎ በቤታቸው በር አጠገብ አኖረው። ክረምቱን በመልካም አደገ። መስከረም ካለፈ በኋላ አበባው ደርቆ በዘንጉ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደሩ ቀያይ ፍሬዎች ታዩ። በጣም ያምር ነበር።

የሦስት ዓመት ታናሽ እኅቱ ፍሬውን ከረሜላ መስሏት ቀጥፋ ወደ አፏ አስገባች። ወዲያውም ጮኸች። ከንፈሯና ምላሷ አበጠ፤ ምራቋን መዋጥ አቃታት። እናትዮዋ አፏን ደጋግመው በውሃ አጥበው ቀዝቃዛ ወተት በጥቂት በጥቂቱ ሰጧት፤ ከዚያም አዝለው ወደ ጤና ጣቢያ ሮጡ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እብጠቱ ቀስ በቀስ ጐደለ፤ ልጅቱም ዳነች። ዛሬ ከእናቷ ጋር በመካከላችሁ ተቀምጣለች።

በኋላ እንደ ተማርነው የዚህ ቤተሰብ አብዛኞቹ ተክሎች በቅጠላቸው፣ በፍሬያቸውና በሥራቸው ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። እርሱም በዓይን የማይታዩ፣ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሆኖ ይቀመጣል። ሲያኝኩት መርፌዎቹ በምላስና በጉሮሮ ይሰካሉ። ቩዱ ሊሊም ይህ አለው፤ ጥሬ ጎደሬም እንደዚሁ ያቃጥላል። ጎደሬ ሳይበስል የማይበላውም ስለዚህ ነው።

በዚያ ምሽት ለይቅርታ ወደ ቤታቸው በሄድን ጊዜ እናትዮዋ «ልጄን ለአበባችሁ ልሰጥ ነው?» አሉን። የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። ወላጆቻችንም ተነጋግረው ተክሎቹ ሁሉ እንዲጣሉ ወሰኑ። ክበባችን በዚያው ሊያበቃ ሆነ። በወላጆቻችን አልፈረድንም፤ ልጅ ከአበባ ይበልጣልና።

የአያት ምክር

ነገሩን የለወጡት የልጅቱ አያት ናቸው። እርሳቸው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረኃብ በወጣትነታቸው አይተዋል፤ የ1977 ዓ.ም.ንም እንደዚሁ። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሁሉን ሲሰሙ ቆዩና እንዲህ አሉን፤ «እናንተ የትምህርት ቤት ልጆች፣ አሞጭን አታውቁትምን? እኛ በክፉ ቀን እናውቀዋለን። ሌላ ሲጠፋ ሥሩን ቆፍረን አውጥተናል። የቸኮለ ሰው ጉሮሮው አበጠ፤ ታግሦ ከትፎ ያደረቀው፣ ደጋግሞም የቀቀለው ሰው ግን ልጆቹን አሳደረበት። ጥፋቱ የሥሩ አይደለም፤ ሳይጠይቅ የነካው ሰው ነው። አሁን ብትጥሉት ልጆቻችሁ ነገ በጅረቱ ዳር ያገኙትና እንደዚች ልጅ ይቀምሱታል። ይልቅ አሳዩአቸው፤ ስሙንም ንገሯቸው።»

ከዚህ ንግግር በኋላ በቤቱ ጸጥታ ሆነ። እኛም እርሳቸው የተናገሩት ነገር በሌላውም የአገራችን ክፍል እውነት መሆኑን ከመጻሕፍት አገኘን። በጋሞ ደጋ በጨንቻ አካባቢ አሞጪ ብለው ሥሩን ለምግብ ያዘጋጁታል። በ2011 እ.ኤ.አ. ባህላዊ መልክዓ ምድራቸው በዓለም ቅርስነት የተመዘገበላቸው የኮንሶ ሰዎችም ባጋናን አዘጋጅተው መመገብ ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ የሚጠይቅ ልጅ ከጠፋ ግን ከአያቶቻችን ጋር አብሮ ይቀበራል።

ነገር ግን ማንም ሰው ይህን ሰምቶ አሞጭን ቀምሶ እንዳይሞክር አጥብቀን እንለምናለን። መቀቀል ብቻውን ሁልጊዜ አያድንም፤ ሥራውን የሚያውቁት ከልጅነታቸው ጀምሮ የተማሩት ናቸው። እኛ ለማሳደግና ለማወቅ እንጂ ለመብላት አንተክለውም።

ያወጣነው ደንብና የምንለምነው ነገር

በአያት ምክር ወላጆቻችን ጥቂት ጊዜ ሰጡን፤ እኛም የሚከተለውን ደንብ አወጣን። ማናቸውም የዚህ ቤተሰብ ተክል ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ ወይም አጥር ባለው ስፍራ ይቀመጣል። ፍሬ ሲይዝ ከመቅላቱ በፊት ይቆረጣል፤ ለዘር ከተፈለገም በወረቀት ከረጢት ይሸፈናል። ሥሩን የሚነካ ሰው በእጁ ጓንት ወይም ፌስታል ያጠልቃል፤ ዓይኑን አያሽም፤ ሲጨርስ በሳሙና ይታጠባል። በእያንዳንዱ ጣሳ ላይ የተክሉ ስምና «አይበላም» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። አንድ ሰው ቢቀምሰው አፉን በውሃ አጥቦ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ወተት በጥቂቱ ወስዶ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መተንፈስ ካስቸገረው ግን አንዲት ደቂቃ መዘግየት አይገባም።

የመጨረሻው ደንባችን ተክልን ከዱር አለመንቀል ነው። ጓደኛችን ያን አሞጭ ከጅረቱ ዳር ሲነቅል ያጠፋው ጥፋት አንድ ብቻ አልነበረም። በላስታ ዱር የቀረን ጥቂት ነው፤ የቀረውም አብዛኛው የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ስለ ጠበቀው የቀረ ነው። ከዚያ አንዱ አንድ ሥር፣ ሌላውም አንድ ሥር ቢወስድ ለሚመጡት የሚቀር የለም። ጥቂት ፍሬ በፈቃድ ወስዶ ከዘር ማብቀል ይቻላል፤ በተጠራቀመ ራስ ልጆች መለዋወጥም ይቻላል። ያልታወቀ ተክል ያገኘ ሰው ሳይነቅል ሥዕሉን ይሣል ወይም ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ስሙንም ሽማግሌዎችን ይጠይቅ። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ 6ኛ ቅጽ ስለዚህ ቤተሰብ ስለሚናገር መምህራኖቻችን የሳይንሱን ስም ከዚያ ሊያገኙልን ይችላሉ።

አሁን ልመናችንን እናቀርባለን። ክቡር ርእሰ መምህራችን፣ ውድ ወላጆቻችን፤ በትምህርት ቤታችን ግቢ ከውሃ ታንከሩ በስተጀርባ ጥላ ያለው አንድ ባዶ ስፍራ አለ። ያን ስፍራ በአጥር ከልለን፣ በር አበጅተንለት፣ ቁልፉን መምህራችን ይዘውት፣ እነዚህን ተክሎች በቤታችን ከማሳደግ ይልቅ በዚያ እንድናሳድግ ፈቃድ እንለምናለን። ለአጥሩ እንጨትና ለሥራው ጉልበት እኛው እንችላለን። ከወላጆች የምንፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ ዕውቀታቸውን ነው። በዓመት አንድ ቀን አያቶቻችን ወደዚያ ስፍራ መጥተው የሚያውቁትን ተክል ሁሉ፣ የትኛው እንደሚያድን፣ የትኛው እንደሚጎዳ፣ በክፉ ቀንም የትኛው እንዳሳደራቸው ይንገሩን፤ እኛም በደብተራችን እንጽፋለን።

ክቡራትና ክቡራን፤ እኛ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሩቅ አገር ስላለው ነገር ብዙ ተምረናል። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ከመንደራችን በታች በጅረት ዳር የቆመውን ተክል ስም ሳናውቅ ብንቀር ትምህርታችን ጎደሎ ይሆናል። ያች ሕፃን የተጎዳችው በአበባው ክፋት አይደለም፤ እኛ ታላላቆቿ ስላላወቅን ነው። ይህን ጥፋት እንዳንደግመው ቃል እንገባለን።

ንግግራችንን ከመፈጸማችን በፊት ይቅር ላሉን እናት፣ ለመከሩን አያት፣ «ሽታው የት ሄደ?» ብለው ለጠየቁት አባትና ሦስቱን ራሶች በጋዜጣ ጠቅልለው ላመጡልን መምህራችን በታላቅ አክብሮት ምስጋናችንን እናቀርባለን። ለትምህርት ቤታችንም ረጅም ዕድሜና ብዙ ፍሬ እንመኛለን።